አሮጌ ፍሎፒ ላይ የተገኙ የልጆች ካርቱኖች (ኤኤንኤም ፋይል)፦ ፕሮግራሙ የቱ ነው? ዛሬስ እንዴት ይነሳል?

ጂሬን_ሥዕል
ሰላም ለሁላችሁ ከጅማ። ለልጆች የክረምት ሥዕል ክበብ ይጠቅማሉ የተባሉ ፍሎፒ ዲስኮች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ባለ 3.5 ኢንች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ሰፋፊዎቹ ባለ 5.25 ናቸው። ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «ካርቱን» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ በዩኤስቢ ድራይቭ ተከፍቶ ዝርዝሩ ታየ፤ የፋይሎቹ ስም በኤኤንኤም እና በኤልቢኤም ያልቃል። ሌላኛው ሲገባ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። አንዳንዶቹ ደግሞ በመስኮታቸው በኩል ነጫጭ ነጠብጣብ ይታይባቸዋል።

ፕሮግራሙን የሚያስታውሱ ሰዎች የሚሉት፦ በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒዩተር ሥርዓት) ይነሳል፣ ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል፣ የመሣሪያው ሳጥን በስተቀኝ ነው፣ ልጆች ከሥዕሉ ቆርጠው በማውስ ይዘውት ይዞራሉ፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ ውሃው ይፈስሳል። አንዲት እህት ደግሞ «ሁለት ቅርጽ ከሳልን መሐሉን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላው ነበር» ትላለች። ይህ ያው ፕሮግራም ነው? ዲስኮቹስ ሳይበላሹ እንዴት ይነበቡ?

አዌቱ
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «ፎርማት» ለሚለው ጥያቄ አደራ እሺ እንዳትይ። ቀጥሎ ሁሉንም ዲስክ መጻፍ ከልክዪው። ባለ 3.5 ላይ ጥግ ያለችውን ተንሸራታች ገፍተሽ ቀዳዳው ብርሃን ሲያሳልፍ ተከልክሏል ማለት ነው። ባለ 5.25 ላይ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ጥርብ በፕላስተር ሲሸፈን ነው የሚከለከለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያምታታዋል።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ያሉ ዊንዶውሶች ፍሎፒ ገና ሲገባ የመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ የመረጃ ክፍል) ላይ የራሳቸውን ምልክት የሚጽፉበት ጊዜ አለ። ለማየት ብቻ የገባ ዲስክ ተለውጦ ይወጣል።

ሒርማታ_ጥገና
ነጭ ነጠብጣቡ ሻጋታ ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ከባድ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ የተቀመጠ ዲስክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። የሻገተ ዲስክ ድራይቭ ውስጥ ከገባ ሻጋታው የማንበቢያው ራስ ላይ ይለጠፍና ማግኔታዊውን ቅባት ይፍቀዋል። ከዚያ ያ የቆሸሸ ራስ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይቧጭራል። ስለዚህ ሳይጸዳ አንድም ዲስክ አታስገቡ።

ለማጽዳት አይሶፕሮፒል አልኮል ይሻላል፤ 99 በመቶ ከተገኘ ፍጹም ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶም ይሠራል፣ ግን ውስጡ ውሃ ስላለ ማድረቂያ ጊዜውን ማስረዘም ነው። የእጅ ማጽጃ ጄል በፍጹም! ግሊሰሪን አለው፤ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል። ጥጥም ፋይበር ይጥላል፤ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቀሙ። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ።

ባለ 3.5ቱን የብረት መዝጊያውን በአንድ እጅ ከፍተው ይያዙት፣ ከጀርባ ያለውን የብረት እምብርት በሌላው እጅ ቀስ እያሉ ያዙሩት፣ በመስኮቱ የሚታየውን ክፍል እርጥብ በሆነ (በማይንጠባጠብ) ጨርቅ ይጥረጉት። ሁለቱንም ገጽ። ባለ 5.25ቱ ሻጋታው ከበዛ የሽፋኑን የላይኛ ጠርዝ በመቀስ በጠባቡ ከፍቶ ዲስኩን ማውጣት፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማጽዳት፣ ከዚያ ንጹሕ ሽፋን ውስጥ መክተት ነው። የድሮው ሽፋን ውስጥ ያለው ስስ ጨርቅ ራሱ ስለሚሻግት መልሶ ያቆሽሸዋል። ጣት ዲስኩን አይንካ።

በደንብ ሳይደርቅ አይነበብም። ሲነበብ ድራይቩ የሲር ሲር ድምፅ ካሰማ በዚያው ቅጽበት አውጡት። የዲስኩ ቡናማ ቅባት እየተላጠ ነውና፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር የአንድ ልጅ ሥዕል ያጠፋል።

ቆጪ_ኮድ
ወደ ማንነቱ እንምጣ። ኤኤንኤም የሚለውን ቅጥያ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ስለተጠቀመበት በስሙ ብቻ አትፍረዱ። ፋይሉን በሄክስ ማሳያ (የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱት። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ኤል፣ ፒ፣ ኤፍ እና ባዶ ቦታ ከሆኑ፣ ከመጀመሪያው 16 ባይት አልፎ ደግሞ ኤ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤም ካለ፣ ዴሉክስ ፔይንት አኒሜሽን ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1990 ለዶስ ያወጣው። መሠረቱ ዳን ሲልቫ በ1985 ለአሚጋ ኮምፒዩተር የሠራው ዴሉክስ ፔይንት ነው። ስክሪኑ 320 በ200 ፒክስል፣ ቀለሙ 256 ነው፤ እነዚያም ከ262,144 ቀለማት ውስጥ የሚመረጡ ናቸው።

መነሻው ላይ ያንን ካላገኛችሁት 5ኛውና 6ኛው ባይት ላይ 11 እና ኤኤፍ የሚል የሄክስ ቁጥር ፈልጉ። ያ ከሆነ የአውቶዴስክ አኒሜተር ፋይል ነው፣ ስሙ ቢቀየርም።

እህታችን የምታስታውሰው «መሐሉን የሚሞላው» ግን ሌላ ነው። አገላለጿ ከፋንታቪዥን ጋር ይገጥማል፤ ብሮደርበንድ በ1985 መጀመሪያ ለአፕል 2 ያወጣው፣ በኋላም ለሌሎች ኮምፒዩተሮች የተዘጋጀ። እዚያ ላይ ሥዕል የሚሠራው በነጥብና በመስመር ነው፤ ነጥቦቹን በሁለተኛው ፍሬም (ከካርቱኑ ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ) ላይ ስታንቀሳቅሺ ፕሮግራሙ መሐሉን አስልቶ ይስላል። ዴሉክስ ፔይንት ፒክስል በፒክስል ነው፤ ቅርጽ ቀይሮ አይሞላም።

ጂሬን_ሥዕል
ኤል ፒ ኤፍ ነው! 16 ላይም ኤኤንአይኤም አለ። ጋሼ ሒርማታ፣ የማጽዳቱ መመሪያ በጣም ይጠቅማል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቀረው ንባቡ ነው፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ኮፒ ማድረግ ይበቃል ወይ?

አዌቱ
አይበቃም። ሙሉውን ዲስክ እንደ አንድ ምስል ፋይል አንሺው፤ የተሰረዘ ፋይል እንኳ ውስጡ ሊኖር ይችላል። የባለ 1.44 ሜጋባይቱ ዲስክ ምስል ልክ 1,474,560 ባይት ነው (80 ትራክ፣ 2 ገጽ፣ 18 ሴክተር፣ 512 ባይት)። የባለ 720 ኪሎባይቱ 737,280 ይመጣል። ከዚያ ያነሰ ፋይል ካገኘሽ ንባቡ መሐል ላይ ተቋርጧል።

ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለውን የተጎዳ ዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ተጠቀሚ። የሴክተሩን መጠን 512 አድርገሽ በመጀመሪያው ዙር ድጋሚ ሙከራ ከልክዪው፤ ጤነኛውን ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል። በሁለተኛው ዙር የቀሩትን ብቻ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር፣ ከዚያ ከኋላ ወደፊት እንዲያነብ አድርጊ። የተነበበውንና የቀረውን የሚመዘግበውን የማፕ ፋይል አትሰርዢው፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሌላ ድራይቭ ላይ ብትሞክሪም የጎደለውን ብቻ ያሟላል። አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል፤ የራሶቹ አቀማመጥ በጥቂቱ ስለሚለያይ።

ሒርማታ_ጥገና
ለባለ 5.25ቱ ዩኤስቢ ድራይቭ አትፈልጉ። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ድራይቭና ግሪስዊዝል የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሰሌዳው በባለ 34 ፒን ኬብል ከድራይቩ፣ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ይገናኛል፤ ሴክተር ሳይሆን የማግኔቱን ምት ራሱን ስለሚቀዳ የተጎዳ ዲስክ ላይ ብዙ ያተርፋል። ኃይሉ ላይ ልብ በሉ፦ ባለ 3.5ቱ ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ይበቃዋል፣ ባለ 5.25ቱ ግን 12 ቮልትም ይፈልጋል። ከዴስክቶፕ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ሁለቱንም ይሰጣል።

የ360 ኪሎባይት ዲስክ በ1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ይነበባል። መጻፍ ግን አይሞከርም፤ የዚያ ድራይቭ ራስ ጠባብ ስለሆነ አሮጌውን ትራክ በከፊል ብቻ ይሸፍነዋል፣ ውጤቱ በ360 ድራይቭ የማይነበብ ድብልቅ ነው።

ጂሬን_ሥዕል
ፕሮግራሙ ዶስቦክስ (የዶስ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒዩተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ተነሳ፣ ካርቱኖቹም ይከፈታሉ! ሁለት ችግር አለ። አንደኛ ይንቀረፈፋል። ሁለተኛ የተሳሉት ሰዎች ሁሉ አጥረውና ሰፍተው ይታያሉ፤ ክቡ ሞላላ ነው።

ቆጪ_ኮድ
ሁለቱም የሚታወቁ ናቸው። በድሮው ስክሪን 320 በ200 ሥዕል 4 ለ3 የሆነ መስታወት ይሞላ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፒክስል ከስፋቱ ቁመቱ 1.2 እጥፍ ነው። አሁን ያለው ስክሪን ካሬ ፒክስል ስለሚያሳይ ሥዕሉ ይደፈጠጣል። በዶስቦክስ ማስተካከያ ፋይል «ሬንደር» በሚለው ክፍል ሥር «አስፔክት» የሚለውን «ትሩ» አድርጊው። ይህ ሳይስተካከል ልጆች እንዳይስሉ፤ የሳሉት ክብ በኋላ ቁመታም እንቁላል ይሆናል።

ፍጥነቱ የሳይክል (ዶስቦክስ የሚሠራበት የፍጥነት ልክ) ጉዳይ ነው። ነባሪው 3000 ለዚህ ፕሮግራም ያንሳል። ኮንትሮልና ኤፍ12 እየተጫንሽ ከ10,000 እስከ 15,000 አድርሺው፤ ካለፈ ኮንትሮልና ኤፍ11 ይቀንሰዋል። ማውሱ ውስጥ ሲታሰር ኮንትሮልና ኤፍ10 ይለቀዋል።

የፋይል ስም በላቲን ፊደል ከ8 ቁምፊ እንዳይበልጥ። ፎልደሩን በአማርኛ ከሰየምሽው ዶስ ምልክት ብቻ ያሳይሻል፣ አይከፍተውም።

ቡና_ፍሬም
ልጆች ፊት የሚቀርበው ክፍል እዚህ ነውና ትንሽ ልዘርዝር። ይህ ፕሮግራም ለልጅ ድንቅ የሚሆነው ብሩሽ በሚለው ሐሳቡ ነው፦ ከሥዕሉ የትኛውንም ክፍል ቆርጠሽ ብሩሽ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ እሱ ራሱ መሳያ ይሆናል። ቢ ቁልፍ መቁረጫውን ያመጣል። ኤክስ ብሩሹን ግራ ቀኝ ይገለብጠዋል፣ ዋይ ላይ ታች። ጄ ወደ ትርፉ ገጽ ይወስዳል። 1 ወደኋላ ፍሬም፣ 2 ወደፊት፣ 4 እየደጋገመ ያጫውታል። ኤፍ10 ሳጥኑንና ሜኑውን ይደብቃል። የማውሱ ቀኝ አዝራር በጀርባ ቀለም ይስላል፤ ማለትም ያጠፋል።

የመጀመሪያ ልምምድ የሚሆን፦ ከቅርንጫፍ ላይ የምትወድቅ የበሰለች ቡና ፍሬ። ፍሬዋን ቀይ አድርጎ 6 ፒክስል በሚያህል መሳልና ብሩሽ ማድረግ። አሁን በየፍሬሙ ወደታች የምትሄድበት እርምጃ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ ይጨምር። በ10 ፍሬም ድምሩ 100 ፒክስል ይሆናል፤ የስክሪኑ እኩሌታ። እኩል እርምጃ ከተሰጣት ፍሬዋ በገመድ የምትወርድ ትመስላለች፤ ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ልዩነቱን ወዲያው ይይዙታል።

ለሚራመድ ሰው 8 ፍሬም ያለው ዑደት ይበቃል፣ በሰከንድ 10 ፍሬም። ዋናው ጣጣ እግር መንሸራተቱ ነው። መሬት የረገጠው እግር በየፍሬሙ ከሰውነቱ አንጻር 4 ፒክስል ወደኋላ ከሄደ ሰውነቱ በየፍሬሙ 4 ፒክስል ወደፊት መሄድ አለበት። 3 ወይም 5 ከሆነ ሰውዬው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። በዚህ ስሌት ስክሪኑን ለማቋረጥ 80 ፍሬም፣ 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። «ሙቭ» በሚለው ሳጥን ርቀቱንና የፍሬሙን ብዛት ሰጥተሽ በራሱ ማስኬድ ይቻላል።

ጀርባውን አታንቀሳቅሱ። ፋይሉ ከፍሬም ፍሬም የተለወጠውን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ያልታመቀ አንድ ፍሬም 64,000 ባይት ነው፤ በፍሎፒ ላይ 22 ብቻ ይገባ ነበር። የጂሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጀርባ ቆሞ ፊት ለፊቱ አንድ ሰው ብቻ ቢሄድ ግን ብዙ መቶ ፍሬም ይገባል። ቤተ መንግሥቱን በአንድ ፒክስል ብታንሸራትቺው ፋይሉ በአንዴ ያብጣል።

ጂሬን_ሥዕል
ውሃው የሚፈስሰውስ? ልጆቹ የአዌቱን ወንዝ መሳል ይፈልጋሉ።

ቡና_ፍሬም
እሱ ፍሬም አይፈልግም፤ የቀለም ዝውውር ነው። በቀለም ገበታው ላይ ተከታታይ 8 ክፍል ያዢ። 4ቱ ከነጣ ሰማያዊ ወደ ጠቆረ ይሂዱ፣ 4ቱ ከጠቆረው ወደ ነጣው ይመለሱ፤ ካልተመለሱ ዙሩ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ዝላይ ይታያል። እነዚህን አንድ የዝውውር ክልል አድርገሽ ወንዙን በቅደም ተከተላቸው በቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ሙዪ። ታብ ሲጫን ፒክስሎቹ ባሉበት ቆመው ቀለሞቹ ብቻ ይሽከረከራሉ፤ ዓይን ግን ውሃ ሲወርድ ያያል። እውነት ለመናገር በ256 ቀለም የተሠራ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

ጥንቃቄ፦ ከ8ቱ አንዱን ለሸሚዝ የተጠቀመ ልጅ ካለ ሸሚዙም ይፈስሳል። ለልብስና ለሰማይ ሌላ ሰማያዊ ከሌላ ክፍል ቀድመሽ አዘጋጂላቸው።

አዌቱ
ወደ ስልክ ለማውጣት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ኤኤንኤምን ቀጥታ ያነባል። ሦስት ነገር እዘዢው፦ መጠኑ 1600 በ1200 ይሁን (ወርዱ 5 እጥፍ፣ ቁመቱ 6 እጥፍ፤ የ1.2ቱ ጉዳይ በዚሁ ይስተካከላል)፣ የማሳደጊያው ስልት «ኔበር» የሚባለው ይሁን ጠርዙ እንዳይደበዝዝ፣ የቀለሙ ቅርጸት ዋይዩቪ 420 ፒ ይሁን። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ ቪዲዮው ኮምፒዩተር ላይ ይከፈትና ስልክ ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

ግን ኤፍኤፍኤምፔግ የቀለም ዝውውሩን ይዘለዋል፤ ወንዙ ቆሞ ይቀራል። ዝውውር ያለበትን ሥዕል ዶስቦክስ ውስጥ እያጫወትሽ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ5 ተጫኚ። እስክትደግሚው ድረስ ይቀዳል። ፋይሉ ካፕቸር ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ እሱን ወደ ኤምፒ4 ቀይሪው። ድምፅ የሌለው አጭር ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እንደ ጊፍ ተወስዶ በራሱ ይደጋገማል፣ ለዑደት ሥራ ይመቻል። ጥራቱ እንዳይወርድ ከፈለግሽ እንደ ፋይል ላኪው።

ሒርማታ_ጥገና
የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይግባ? ልጆቹ ስማቸውን መጻፋቸው አይቀርም።

ቆጪ_ኮድ
ጋሼ፣ ዶስ ግዕዝ አያውቅም፤ ፊደሉ እንደ ሥዕል ነው የሚገባው። በማንኛውም አዲስ ፕሮግራም ይጻፉት፣ የጠርዝ ማለስለሻውን ያጥፉት፣ ምስሉን በግራፍኤክስ2 (የሥዕል ፕሮግራም ነው) ከፍተው በኤልቢኤም የሥዕል ፋይል ዓይነት ያስቀምጡት፤ ዴሉክስ ፔይንት ከፍቶት ከዚያ በብሩሽ ይቆረጣል። ማለስለሻው ካልጠፋ በፊደሉ ዙሪያ ግራጫ ፒክስል ይቀራል፣ ሌላ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ቆሻሻ ይመስላል።

ቁመቱ ከ14 እስከ 16 ፒክስል ይሁን። ከዚያ ካነሰ የ«ጨ» እና የ«ጩ» ዓይነት ልዩነት ይጠፋል፤ ቅጥሏ አንዲት ፒክስል ብቻ ትሆናለች። በ16 ፒክስል ስፋት በአንድ መስመር 20 ፊደል ይገባል። ልጆቹ ራሳቸው በማጉያው (ኤም ቁልፍ) እያዩ ቢስሉት ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ የፊደሉን እግርና ቀለበት በደንብ ያስተውሉታል።

ከርቀት_ተመልካች
ፕሮግራሙን ለክበቡ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ማባዛት ይፈቀዳል?

ቆጪ_ኮድ
ዴሉክስ ፔይንት አኒሜሽን ነጻ ሶፍትዌር አይደለም። በ2015 የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በኤሌክትሮኒክ አርትስ ፈቃድ ያወጣው የመጀመሪያውን የአሚጋ ስሪት ምንጭ ኮድ ነው፤ እሱም ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ነው፣ የዶሱን አይጨምርም። ስለዚህ ዋናው ፕሮግራም አሮጌዎቹን ፋይሎች መክፈቻ ይሁን፣ አንድ ማሽን ላይ። ለልጆቹ ማሽኖች ግራፍኤክስ2 ጫኑ፦ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ አሠራሩ የዴሉክስ ፔይንት ቤተሰብ ነው፣ ኤልቢኤም ይከፍታል፣ ፍሬምም አለው። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሳይቀር ይሮጣል።

ጂሬን_ሥዕል
አንድ የቀረ ነገር። አንዳንዱ ብሩሽ ሲቀመጥ ዙሪያውን ጥቁር ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓይኑ ቀዳዳ ይሆናል። ዑደቱም ሲደጋገም በየዙሩ ቅጽበታዊ መቆም አለው።

ቡና_ፍሬም
ሳጥኑ የሚመጣው ብሩሹ ሲቆረጥ የጀርባ ቀለም ሆኖ የተመረጠው ከሥዕሉ እውነተኛ ጀርባ የተለየ ስለነበረ ነው። ብርሃን አሳላፊ የሚሆነው በቆረጥሽበት ሰዓት የጀርባ ቀለም የነበረው ብቻ ነው። ከመቁረጥሽ በፊት የሥዕሉን ባዶ ቦታ ቀለም በቀኝ አዝራር ምረጪው። ዓይኑ ቀዳዳ የሆነው ደግሞ ብሌኑ በዚያው በጀርባው ጥቁር ስለተሳለ ነው፤ በገበታው ላይ ሁለተኛ ጥቁር ለብቻው አዘጋጂና ዓይንና ፀጉር በእሱ ይሳሉ።

መቆሙ የመጨረሻው ፍሬም የመጀመሪያው ቅጂ ስለሆነ ነው። ሲደጋገም አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ይታያል። ዑደቱ 8 ከሆነ 9ኛውን ሰርዢው፤ ከ8ኛው ወደ 1ኛው የሚደረገውን ለውጥ ፋይሉ ራሱ ይይዘዋል።